ከረጢት ይዤ የቆምኩ ቀን

ልጅ ሳለን ኮልፌ ላይ የነሐሴ ትልቁ ሥራችን ጅራፍ መግመድ ነበር። ነሐሴ 12 ሲመሽ ዱላችንን ይዘን ከአስራ ስምንት ማዞሪያ ጀርባ ያለውን መንደር በጭቃው እንዞራለን። አንዱ ያወጣል፣ ሌላው ይቀበላል፣ ዱላው መሬቱን ይደበድባል። ሙልሙል የሰጠን ቤት ምርቃቱን ይቀበላል፤ ያልሰጠን... እሱ ይቅር። በሩ ቆርቆሮ ነው፤ ያውም አይዘጋም።

ከብዙ ዓመት በኋላ ሥራ ጀርመን አገር፣ ኮሎኝ ከተማ ጣለኝ። ወሩ የካቲት፣ ብርዱ አጥንት የሚሰብር። ባልደረባዬ «ሰኞ ሥራ የለም፤ ከረጢት ይዘህ ና» አለኝ። ሮዘንሞንታግ የሚሉት ቀን ነው። ከዐቢይ ጾም በፊት ይውላል፤ የእኛ ቅበላ በሉት። ሰልፉ በደንብ ተደራጅቶ መካሄድ የጀመረው በ1823 እንደ ፈረንጆቹ ነው፤ ዓመቱን ሙሉ ማኅበር መሥርተው ይዘጋጁበታል። የተከበሩ የሚመስሉ ሽማግሌዎች ፊታቸውን ቀለም ተቀብተው፣ ካጌጡ ተሽከርካሪዎች ላይ ከረሜላና ቸኮላት ይበትናሉ። ሕፃን አዋቂው «ካሜለ! ካሜለ!» እያለ ይጮኻል።

መጀመሪያ አፈርኩ። አጠገቤ የቆሙ፣ ቀይ አፍንጫ የለጠፉ አሮጊት ግን ከረጢቴን ራሳቸው ከፈቱልኝ። በቃ፣ ጮኽኩ! ከረሜላ የሞላ ከረጢቴን ታቅፌ የተነሳሁት ፎቶ ዛሬም ሳሎኔ ተሰቅሏል።

በዚያው ዓመት ነሐሴ፣ የኮልፌ ልጆች የብረት በሬ ላይ መጥተው ሆያ ሆዬ ጀመሩ። እኔ ቴሌቪዥን ላይ ነኝ። ለዘበኛው «ጋሼ፣ እንዳይከፍቱላቸው! ለገንዘብ ነው የሚዞሩት» አልኳቸው።

ልጄ ፎቶውን አየት አደረገችና «አባዬ፣ አንተስ ለምን ነበር የምትጮኸው?» አለችኝ።

ምን ልበላት? የእነሱ ባህል ነው ልበል? የሰው አገር ሰዎች ለእኔ ለባዳው ከረጢቴን ከፈቱልኝ፤ እኔ ባደግኩበት ሰፈር፣ በዘፈንኩት ዘፈን፣ በሬን ዘጋሁ። ልጄ ደግሞ ቡሄን የምታውቀው በመስኮት ብቻ ነው።

ተነስቼ ብር ይዤ ወጣሁ። ልጆቹ ሄደዋል። ዱላቸው የተከለው ጉድጓድ ብቻ ጭቃው ላይ ቀርቷል። ዘበኛው «ጠብቀው ጠብቀው ነው የሄዱት» አሉኝ።

ከዚያ ወዲህ ነሐሴ 12 ማታ በሬን ገርበብ አድርጌ እተወዋለሁ። ቤታችን ሙልሙል የሚጋግር ስለጠፋ ከጎረቤት እናት ዘንድ አዛለሁ። ልጄ ትሰጣለች፤ ምርቃቱንም እሷ ትቀበላለች።