«ኒሳዮን አለሽ?»



እኔ የ16 ዓመት ልጅ ነኝ። የተወለድኩት እዚሁ እስራኤል ነው። ትምህርቴ ሁሉ በዕብራይስጥ ነው፤ አማርኛ ያወቅሁት ከእናቴና ከአያቴ ነው። ዛሬ የምጽፍላችሁ እኛ ወጣቶች የመጀመሪያ ሥራ ስንፈልግ ስለሚገጥመን ነገር ነው።

ባለፈው ዓመት በትልቁ የትምህርት ዕረፍት ሥራ ፈለግሁ። ልብስ መሸጫ ጠየቅሁ፣ አይስክሬም ቤት ጠየቅሁ፣ ሱፐርማርኬት ጠየቅሁ። ሁሉም መጀመሪያ የሚሉኝ አንድ ነገር ነው፤ «ኒሳዮን አለሽ?» ኒሳዮን ማለት የሥራ ልምድ ነው። ከዚያ «እንደውልልሻለን» ይላሉ፤ አይደውሉም። ሥራ ካልሰጡኝ ልምድ ከየት አመጣለሁ?

ይህን ለአያቴ ስነግራት ገረማት። ጎንደር እያሉ ወንዶቹ ብረት ይቀጠቅጡ፣ ሸማ ይሠሩ ነበር፤ ሴቶቹ ደግሞ ሸክላ ይሠሩ ነበር። «እኔ ሸክላ የተማርኩት ከእናቴ አጠገብ ተቀምጬ ነው» አለችኝ። «መጀመሪያ ውኃ ቀዳሁ፣ ጭቃ አቦካሁ፤ ከዚያ ትንሽ ጀበና ሠራሁ። ማን ወረቀት ጠየቀኝ? አንቺስ ከልጅነትሽ ጀምሮ ስትሠሪ አይደለም ወይ?»

እውነቷን ነው። ከ9 ዓመቴ ጀምሮ አብሬያት ኩፓት ሖሊም እየሄድኩ ሐኪሙ የሚላትን እተረጉምላታለሁ። ከባንክ የሚመጣውን ደብዳቤ ለእናቴ አነብላታለሁ። እናቴ ለጽዳት ሥራ በሌሊት ስለምትወጣ ሁለቱን ታናናሾቼን አልብሼ፣ አብልቼ ትምህርት ቤት የማደርሳቸው እኔ ነኝ። ይህ ሁሉ ሥራ ነው፤ ደመወዝ ብቻ ነው የሌለው። እንደ እኔ ያሉ ልጆች በሰፈራችን ብዙ ናቸው።

ግን ይህን ለአሠሪ መናገር ለእኛ ከባድ ነው። በቤታችን ራስን ማመስገን ነውር ነው። ትልቅ ሰው ሲናገር አንገታችንን ደፍተን እንሰማለን። ይህ ጨዋነት ነው፤ እኔም መተው አልፈልግም። እዚህ አገር ግን ዓይኑን ካላየነው አሠሪው «ሥራውን አልፈለገችውም» ብሎ ያስባል። ስለዚህ እኔ ራሴን አላመሰግንም፤ የሠራሁትን ብቻ እናገራለሁ። «ጎበዝ ነኝ» አልልም። «በየጠዋቱ ሁለት ልጆች ትምህርት ቤት አደርሳለሁ፤ አንድ ቀን አርፍደው አያውቁም» እላለሁ። ኮሮት ሐይም በሚሉት ወረቀት ላይም «ከአማርኛ ወደ ዕብራይስጥ እተረጉማለሁ» ብዬ ጻፍኩ።

በመጨረሻ የሰፈራችን ሱቅ ተቀበለኝ። ምክንያቱም እዚያ ዕብራይስጥ የማይችሉ እናቶች ብዙ ይመጣሉ። አማርኛዬ ሥራ አስገኘልኝ!

አንድ ነገር ደግሞ እወቁልን። ልምድ የለንም ብለው ሊያታልሉን የሚፈልጉ አሉ። አንድ ካፌ «ሁለት ቀን ለሙከራ በነፃ ሥሪ» አለኝ፤ እምቢ አልኩ። በሕጉ የሙከራ ቀንም ይከፈልበታል። በ1953 በወጣው የወጣቶች ሥራ ሕግ መሠረት ወጣት በሳምንት ከ40 ሰዓት በላይ አይሠራም። 16 ዓመት የሞላው ከአዋቂው ዝቅተኛ ደመወዝ ቢያንስ 75 በመቶ፣ 17 የሞላው 83 በመቶ ሊከፈለው ይገባል። ትሉሽ፣ ማለት የደመወዝ ወረቀትም ሊሰጡን ግዴታ አለባቸው።

ወላጆቻችን ሆይ፣ ልጃችሁ ሥራ ሲፈልግ ቤት ውስጥ የሠራውን ሁሉ አስታውሱት። እሱ ትንሽ ነገር ይመስለዋል። ሥራ ሲያገኝም «ትሉሽህን አምጣና አንብብልን» በሉት። እናንተ ስትጠይቁት እሱም አሠሪውን መጠየቅ ይለምዳል።