ኮሪያን በግማሽ ማንበብ

በአገራችን የፖለቲካ ክርክር ደቡብ ኮሪያ ሳትጠቀስ የምትቀርበት ጊዜ ጥቂት ነው። አንዱ «ያኔ የረዳናት እኛ ነበርን» እያለ ይቆጫል፤ ሌላው «መጀመሪያ ዳቦ፣ ዴሞክራሲ ኋላ ይደርሳል» ለማለት ይጠራታል። ለአንድ የጥናት ጉባኤ ወደ ሴኡል ስሄድ ባለቤቴንና ሁለት ልጆቼን ይዤ ነበርና፣ የመጀመሪያዋን ቀን ከተማዋን በማየት አሳለፍናት። ውድ አንባቢያን፣ ከዚያች ቀን ያተረፍኩትን ላካፍላችሁ (ዓመታቱ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው)።

ጠዋት የጀመርነው በ1395 ከተሠራውና በ1592ቱ የጃፓን ወረራ ወቅት ከተቃጠለው፣ በ19ኛው ክፍለ ዘመን እንደገና ከታነጸው የጊዮንግቦክጉንግ ቤተ መንግሥት ነው። ሃንቦክ የተባለውን የአገሩን ባህላዊ ልብስ ለብሶ የመጣ ጎብኚ የመግቢያ ዋጋ አይከፍልም። ይህን የሰማችው የአሥራ ሁለት ዓመት ልጄ እናቷን አስጨንቃ ልብሱን አስከራየች፤ ከመግቢያው ዋጋ በብዙ እጥፍ የሚበልጥ ገንዘብ ከፍለንላት «በነጻ» ገባች።

ከቤተ መንግሥቱ ፊት ለፊት በተዘረጋው የጓንግህዋሙን አደባባይ የንጉሥ ሴጆንግ ሐውልት መጽሐፍ ይዞ ተቀምጧል። ንጉሡ በ1446 የቻይናን ፊደል መማር ላልቻለው ተራ ሰው አዲስ ፊደል ያወጁ ናቸው። «አባዬ፣ እንደ እኛ የራሳቸው ፊደል አላቸው ማለት ነው?» አለች ልጄ፤ ደስ እያላት።

ከሰዓት በኋላ በምድር ውስጥ ባቡር ወደ ዮንግሳን፣ ወደ ጦርነቱ መታሰቢያ ሄድን። በጥቁር ድንጋይ ላይ ከተቀረጹት የሟቾች ስሞች መካከል በ1951 ኮሪያ የደረሰው የቃኘው ሻለቃና የተኪዎቹ ሻለቃዎች ወታደሮች ስም ይገኛል፤ ከ120 በላይ ናቸው። ትንሹ ልጄ «ኮሪያን ያውቋት ነበር?» ሲል ጠየቀ። አያውቋትም ነበር። በ1936 ዐፄ ኃይለ ሥላሴ ጄኔቫ ላይ አቤት ሲሉ ዓለም ለኢትዮጵያ አልቆመም፤ ኢትዮጵያ ግን ለተወረረ አገር በጋራ መቆም ይገባል የሚለውን መርሕ በልጆቿ ደም አጸናችው። ለስምንት ዓመት ልጅ ይህን ማስረዳት ቀላል አልነበረም፤ ቢሆንም ስሞቹን አንድ በአንድ አነበበ።

እንግዲህ ወደ ክርክራችን እንመለስ። ጄኔራል ፓርክ ቹንግ-ሂ በ1961 በመፈንቅለ መንግሥት ሥልጣን ይዘው በ1979 እስኪገደሉ ድረስ በገዙበት ዘመን ኢንዱስትሪውና የውጭ ንግዱ አድጓል። እኛ የምንጠቅሰው ይህን ግማሽ ነው። የመሬት ማሻሻያው ከእርሳቸው በፊት መካሄዱን፣ ተማሪዎች በ1960 ሲንግማን ሪን ከሥልጣን ማስወገዳቸውን፣ በ1980 ጓንግጁ ላይ ሠራዊቱ በገዛ ሕዝቡ ላይ መተኮሱን፣ ፕሬዚዳንቱን በቀጥታ የመምረጥ መብትም በ1987 በጎዳና ላይ ትግል መገኘቱን እንዘለዋለን። ዕድገቱ ነጻነትን በስጦታ አላመጣም፤ ዋጋ የከፈለበት ሕዝቡ ነው። ከ1987 በኋላም ኢኮኖሚው ማደጉን አላቆመም።

ያ ጠዋት የተመላለስንበት አደባባይም ምስክር ነው። የጄኔራሉ ልጅ ፕሬዚዳንት ፓርክ ግን-ሄ ከሥልጣን እንዲወርዱ ሕዝቡ በ2016 መገባደጃ ሻማ ይዞ የቆመው እዚያ ነው፤ በማርች 2017 የሕገ መንግሥት ፍርድ ቤቱ አሰናበታቸው። በዲሴምበር 2024 ፕሬዚዳንት ዩን ሱክ-ዮል ወታደራዊ አስተዳደር ሲያውጁ፣ አንዳንድ የፓርላማ አባላት አጥር ዘልለው ገብተው፣ ምክር ቤቱ በሰዓታት ውስጥ በ190 ለ0 ድምፅ ዐዋጁ እንዲነሣ ወሰነ። እርሳቸውም በአፕሪል 2025 በፍርድ ቤት ውሳኔ ተሰናበቱ።

ስለዚህ ባለሥልጣንም ይሁን ምሁር ኮሪያን በምሳሌነት ሲያነሣ፣ የትኛዋን ኮሪያ እንደሆነ እንጠይቀው፤ የ1961ዷን ነው ወይስ የ1987ቷን?

ቸር ያሰማን።