የወረታ መሬት በሚያዝያ ይዋሻል

ዛሬ የምናወጋችሁ ስለ ሽንት ቤት ጉድጓድ ነው። አፍንጫችሁን ለመያዝ አትቸኩሉ፤ ቡና እየጠጣችሁም ይነበባል።

ነገሩ እንዲህ ነው። እህትና ወንድም ተረዳድተን ለእናታችን ወረታ ከተማ ዳር ቤት ልንሠራላት ተነሣን። እናታችንን ጉልበቷን ያማታል፤ ጓሮ ድረስ ሄዶ ቁጢጥ ማለት አቅቷታል። ስለዚህ ሽንት ቤቱ ቤት ውስጥ ይሁን ተባለ። ለዚህ ደግሞ ሴፕቲክ ታንክ ያስፈልጋል፤ ከታንኩ የሚወጣውን ፍሳሽ መሬት የሚያሰርግ ጉድጓድም እንዲሁ። ግንበኛችን «ቆፍረን ድንጋይ እንሞላዋለን፣ አለቀ» አለ። እኛ ትንሽ ያነበብን ስለሆንን (ያነበበ ሰው ለግንበኛ መከራ ነው) «መጀመሪያ መሬቱ ይፈተን» አልን።

ፈተናው ቀላል ነው። 30 ሳንቲ ሜትር ገደማ ስፋት ያለው ጉድጓድ፣ ፍሳሹ እንዲሰርግ እስከሚፈለግበት ጥልቀት ትቆፍራላችሁ። ከሥሩ ጠጠር ታነጥፋላችሁ። ውኃ ትሞሉና ማስመሪያ ይዛችሁ በስንት ደቂቃ ስንት እንደወረደ ትለካላችሁ። 2.5 ሳንቲ ሜትር ለመውረድ ከ60 ደቂቃ በላይ ከፈጀ መሬቱ ለተለመደው ማስረጊያ አይሆንም የሚል ልክ በብዙ ቦታ ይሠራበታል።

ወሩ ሚያዝያ ነበር። የፎገራ ዋልካ በበጋ እንዴት እንደሚሰነጠቅ ያየ ያውቀዋል፤ እጅ ያስገባል። ሁለት ባልዲ ውኃ ደፋንበት። ማስመሪያችንን ሳናስተካክል ጠጥቶት ቁጭ! ግንበኛው ሳቀብን፤ እኛም ደስ ብሎን ሲሚንቶ ልናዝ ስልክ አወጣን።

አጥር ተደግፈው ሲያዩን የቆዩ አንድ ሩዝ ገበሬ ጎረቤታችን ነበሩ። «ልጆቼ፣ ምን እየሠራችሁ ነው?» አሉን። ነገርናቸው። «ታዲያ ይኼ መሬት ውኃ የሚያሰርግ ቢሆን እኛ ሩዝ በምን እናበቅል ነበር?» ብለው ሄዱ።

እናንተዬ፣ እንዲህ ያለ እፍረት! ሩዝ ወደ ፎገራ የገባው በደርግ ዘመን ነው፤ ዛሬ ብሔራዊው የሩዝ ምርምርና ሥልጠና ማዕከል ያለው እዚሁ ነው። ሩዝ እዚህ የተመቸው ዋልካው ውኃ አቁሮ ስለሚይዝ ነው። አፈሩ ሲደርቅ ይኮማተርና ይሰነጠቃል፤ ሲረጥብ ያብጥና ስንጥቁን ይደፍናል። ሁለቱን ባልዲ የጠጣው እንግዲህ አፈሩ ሳይሆን ስንጥቁ ነው። ለካስ እንዲህ ላለ አፈር ጉድጓዱ ውኃ ተሞልቶ ማደር አለበት፤ ልኬቱ የሚጀመረው ከዚያ በኋላ ነው። ይህችን አንቀጽ አንብበን ዘለናት።

እናም ሌሊቱን ውኃ እየጨመርን አሳደርነው። በማግስቱ ጠዋት ለካን። አንድ ሰዓት ሙሉ ጠብቀን የወረደው ግማሽ ሳንቲ ሜትር አይሞላም። ግንበኛው ግን አልተረታም፤ «ጠለቅ አድርገን ብንቆፍር ያሰርጋል» አለ። ጉድጓዱን ጠለቅ አድርገን ከድነን እስከ ክረምት ተውነው።

ፎገራ ከጣና ዳር የተዘረጋ ሜዳ ነው፤ ርብና ጉማራ ከደብረ ታቦር በኩል ካሉት ተራሮች ወርደው ያቋርጡታል። በ1998 ክረምት ሁለቱ ወንዞች ሞልተው ስንቱን ከቤቱ እንዳፈናቀሉ የምናስታውስ አለን። በሐምሌ መጨረሻ ክዳኑን ስናነሣ ጉድጓዱ በራሱ ጊዜ ሞልቷል፤ ውኃው ከአፉ በታች ሁለት ስንዝር ላይ ቆሟል። እኛ ጠብታ አልጨመርንበትም፤ ከሥር ነው የመጣው።

ያን ጊዜ ነው የደነገጥነው። ከአጥሩ ማዶ በሃያ እርምጃ የጎረቤታችን የውኃ ጉድጓድ አለ፤ ልጆቻቸው የሚጠጡት ከዚያ ነው። ግንበኛውን ሰምተን ቢሆን ኖሮ የእናታችን ሽንት ቤት ክረምት በመጣ ቁጥር ከጉድጓዳቸው ጋር ይገናኝ ነበር። ስለ አተት ስንት ስብሰባ ተቀምጠናል! ጤና ኤክስቴንሽኖች ቤት ለቤት እየዞሩ «ሽንት ቤት ቆፍሩ» ማለታቸው ትክክል ነው፤ ብዙ ሕይወት ይታደጋል። ነገር ግን ለደጋ ተዳፋትና ለፎገራ ሜዳ አንድ ዓይነት ጉድጓድ የሚሆን አይመስለንም። እዚህ ከፍ አድርጎ መሥራት ይሻላል።

በመጨረሻ ማስረጊያውን ሰረዝነው። ታንኩ ከመሬት ከፍ ብሎ ውኃ እንዳያሳልፍ ሆኖ ተሠራ፤ ሲሞላ መምጠጫ መኪና እንጠራለን። ገንዘቡ ከኮርኒሱ ተቀነሰና እናታችን ዘንድሮ ቆርቆሮውን እያየች ትተኛለች። ደግሞ ሌላ ጣጣ መጣ፦ ታንኩ ከፍ ሲል፣ ፍሳሹ ወደዚያው እንዲወርድ ሽንት ቤቱም ከፍ ማለት አለበት፤ ከፍ ሲል ደረጃ ይመጣል። ለጉልበት ብለን የጀመርነው ሥራ አራት ደረጃ ሊያስወጣት! ደረጃውን አፍርሰን ዘንበል ያለ መወጣጫ በሲሚንቶ ሠራን፤ ከጎኑም የእጅ መያዣ ብረት አበየድን።

እናታችን ባለፈው ቅዳሜ ወጣችበት፣ ወረደችበት፣ እንደገና ወጣችበት። «እርጥብ ሲሆን ያንሸራትታል» አለችና ሲሚንቶው በደንብ ሳይደርቅ በመጥረጊያ እንድንቧጭረው አዘዘችን።