ያልፈረጠው እብጠት

ኩልመስክ ገበያ ላይ በቅሎው አንገት ስር እብጠት ያየ ሰው ምክር አያጣም። አንዱ “ተኩሳት” ይለዋል፣ ሌላው “ከሌሎቹ ለያት”። ሁለተኛው ብዙ ጊዜ ልክ ነው። በአገራችን የጋማ ከብት ቆዳ ሲያብጥ ቀድሞ የሚጠረጠረው በፈንገስ የሚመጣው ኢፒዙቲክ ሊምፋንጃይቲስ ነው፤ እብጠቱ እንደ መቁጠሪያ ተደርድሮ ይወጣል፣ ይፈርጣል፣ ይመግላል። በቁስል ይተላለፋል፤ ኮርቻና ልጓም መዋዋስም ያዛምተዋል።

አሳሳቹ ያልፈረጠው ነው። ንፍፊቱ ጠጥሮ ከሰነበተ፣ በቅሎዋ እየበላች ከከሳች፣ ደረቷና ሆዷ ስር ውሃ ከቋጠረ ሊምፎማ የሚባለው ካንሰርም ይታሰብ። አንዳንዴ ንፍፊት እንኳ አይታይም፤ ያበጠ የዐይን ቆብ ወይም እየተመላለሰ የሚመጣ ትኩሳት ብቻ ይሆናል። ብርቅ ስለሆነ ማንም አያስበውም። ከእንስሳ ወደ እንስሳ አይተላለፍም። በጋለ ብረት መተኮስ ደግሞ ለሁለቱም ስቃይ እንጂ ፈውስ አይደለም።

ሐኪሙ ከእብጠቱ በመርፌ ጥቂት ቀድቶ፣ መስታወት ላይ ቀብቶ በማይክሮስኮፕ ቢያይ ጥርጣሬው ይጠብባል። ታዲያ ማይክሮስኮፕ ለወረዳ የእንስሳት ክሊኒክ ቅንጦት ነው? የላስታን ዳገት እህል ተሸክማ የምትወጣው በቅሎ እኮ የቤቱ መኪና ናት!

ፈንገሱ ቶሎ ከተደረሰበት ይታከማል። ሊምፎማ ከሆነ የሚያድናት መድኃኒት የለም ማለት ይቻላል፤ ባለቤቱ ግን ጭነቷን ያወርድላታል፣ ለማይሠራ መድኃኒትም በግ አይሸጥም።