መንገዱ የበጎቹ ነው!

አዲስ አበባ ላይ በግ መንገድ ቢዘጋ ነጂው አይጠፋም። ዱላውን ከትከሻው አውርዶ አንዴ «ሂድ!» ካለ መንጋው ጥጉን ይይዛል። እኔም በግ አውቃለሁ ብዬ ነበር ወደ ሰሜን ስኮትላንድ የሄድኩት። ለካስ ምኑንም አላውቅም!

ጊዜው ግልገል የሚበዛበት የፀደይ ወቅት ነው። ከእጮኛዬ ጋር ከኢንቨርነስ ከተማ በኪራይ መኪና ተነስተን፣ ሌርግ የምትባለውን መንደር አልፈን ወደ ተንግ ስንጓዝ መንገዱ ለአንድ መኪና ብቻ የሚበቃ ሆነ። በየመሀሉ ሰፋ ያለች መተላለፊያ አለች፤ ከፊት መኪና ሲመጣ አንዱ እዚያ ቆሞ ሌላውን ያሳልፋል። ብዙው ቦታ አጥር የለውም። ለበጎቹ ሣሩም አስፋልቱም አንድ ነው። ፊታቸው ጥቁር፣ ቀንዳቸው ጥምዝ፣ ጀርባቸው ደግሞ ቀይ ወይም ሰማያዊ ቀለም የተቀባ ነው፤ የማን እንደሆኑ የሚታወቀው በዚሁ ነው። እረኛ ብትሉ የለም!

እኔ እራት ሳያልፈን ማደሪያችን ለመድረስ ቸኩያለሁ። አንዲት እናት በግ መሀል አስፋልት ላይ ተኝታ ታመነዥካለች። ክላክስ አደረግሁ። ዞር ብላ አየችኝና ማመንዠኳን ቀጠለች! ደገምኩት።

«ምናለ ብትታገስ?» አለች እጮኛዬ።

መቼ ሰማኋት! ሦስተኛውን ሳምባርቀው በጓ ብድግ ብላ ወደ ግራ ሄደች። አሸነፍኩ ብዬ ነዳጅ ስረግጥ ግልገሏ ከቀኝ በኩል ተወርውራ መኪናው ፊት ገባች። ፍሬን ያዝኩ። መኪናው ሲቆም ግልገሏ አትታይም። እጮኛዬ ፊቷን በእጇ ሸፍናለች። እኔ ለመውረድ ጉልበት አጣሁ። ከዚያ ከፓራውልቱ ሥር ብቅ አለችና ሮጣ የእናቷን ጡት ያዘች… እፎይ!

ክላክሱን የሰሙ አንድ ሽማግሌ ከነውሻቸው መጡ። «ልጄ፣ እናትና ግልገል በመንገድ ግራና ቀኝ ሆነው ካየህ ግልገሉ መሻገሩ አይቀርም። ቆመህ ጠብቅ» አሉኝ። ቀጥለውም በስተምሥራቅ ስላለው ስለ ስትራዝኔቨር ሸለቆ አጫወቱኝ። እ.ኤ.አ. በ1814 እና በ1819 ባለርስቶቹ ከጭሰኛ ይልቅ በግ ያተርፋል ብለው ሕዝቡን አስነሱት። ቤት ተቃጠለ። ገሚሱ ወደ ባሕሩ ዳር ተገፋ፣ ገሚሱ ባሕር ተሻግሮ ተሰደደ።

«ታዲያ በጎቹን አይጠሏቸውም?» አልኳቸው።

«እነሱ ምን አጠፉ? የቸኮለው ሰው ነው» ብለውኝ ሄዱ።

እናንተም ወደዚያ ከዘለቃችሁ ምክሬን ስሙ። የምትነዱት በግራ ነው። መተላለፊያዋ ላይ መኪና አታቁሙ፤ ለፎቶም ቢሆን! ማታ ማታ በጎች አስፋልቱ ላይ ስለሚተኙ ቀስ በሉ። በግ ከገጫችሁ ደግሞ በእንግሊዝ መንግሥት የ1988 የትራፊክ ሕግ መሠረት መቆም ግዴታ ነው። ስምና አድራሻ የምትሰጡት ሰው ካልተገኘ በ24 ሰዓት ውስጥ ለፖሊስ ማመልከት አለባችሁ።

እራቱ አለፈን። እጮኛዬ እስክንደርስ ድረስ አላናገረችኝም። ስንወርድ ግን «ልጅ ስንወልድም እንዲህ ነው የምትነዳው?» አለችኝ። መልስ አጣሁ።

በማግስቱ በዚያው መንገድ ስንመለስ በጎች ተኝተው አገኘን። ሞተሩን አጠፋሁ። በፔርሙዙ ከያዘችው ሻይ ቀድታ ሰጠችኝ።