ባትሪው ከትልቁ ሻንጣ የሚወጣው ለምንድን ነው?

ቦሌ ሰው ሸኝቶ የሚመለስ ቤተሰብ ባዶ እጁን አይመለስም፤ አንድ ፌስታል ይዞ ይመለሳል። ፌስታሉ ውስጥ ከሻንጣ የተቀነሰ ነገር አለ። ኪሎ ያለፈ በርበሬ፣ በእጅ ቦርሳ የነበረ መቀስ፣ አሁን አሁን ደግሞ ፓወር ባንክ። በርበሬው ለምን እንደተመለሰ ሁሉም ያውቃል፤ ከበደ። መቀሱም ግልጽ ነው፤ ስለት ነው። ፓወር ባንኩ ግን ቤት እስኪደረስ፣ አንዳንዴም ከዚያ በኋላ ያከራክራል።

አቃቂ ቃሊቲ፣ ከመናኸሪያው ብዙም ሳይርቅ፣ ሞባይል በሚጠግን አንድ ወጣት ቤት ይህ ክርክር ሳምንት ፈጅቷል። ወጣቱ ከስክሪን መቀየር ይልቅ የሚኮራበት ሌላ ሥራ አለው። ከሞተ ላፕቶፕ ባትሪ ውስጥ ገና ነፍስ ያላቸውን ሴሎች በቴስተር እየለየ ያወጣል፤ በካውያ ያያይዛቸዋል፤ ፓወር ባንክ ይሠራባቸዋል። ሰፈሩ ውስጥ መብራት ሲጠፋና ሳይመለስ ሲያድር የጎረቤት ሰው ስልኩን ይዞ የሚመጣው ወደ እሱ ነው።

ታናሽ እህቱ ለቤት ሠራተኝነት ወደ ዱባይ ስትሄድ ከሠራቸው ሁሉ ጠንካራውን ሰጣት። ለጌጥ አልነበረም። ከእሷ በፊት የሄደች የጎረቤት ልጅ ለወራት ድምፅዋ ጠፍቶ እናቷ ምን እንደሆኑ ሰፈሩ አይቷል። ስለዚህ ቤተሰቡ የተነጋገረው ስለ ልብስ አልነበረም፤ "ስልኳ እንዳይሞት" ነበር። አሠሪዎቿ ሶኬት ቢከለክሏት እንኳ ሁለት ሦስት ቀን የሚያቆያት ነገር ይኑራት ብለው ነው። ከዚያ አንድ ከዓረብ አገር የተመለሰች ዘመድ መከረች፦ "በእጅሽ ከያዝሽው ይወስዱብሻል፤ ትልቁ ሻንጣ ውስጥ ደብቂው።" በፎጣ ተጠቅልሎ ከሽሮው ሥር ተቀበረ።

ተርሚናሉ በር ላይ ካለው ፍተሻ አላለፈም። ሻንጣው ተከፈተ፤ ፎጣው ተፈታ፤ በቡናማ ፕላስተር የተጠቀለሉ ሴሎች ወጡ። "የኔ እህት፣ ይሄ አይፈቀድም።" "በእጄ ልያዘው?" "እሱም አይሆንም።" በቃ። ዕቃው በወንድሟ እጅ ወደ ቃሊቲ ተመለሰ። እናትየው ሰዎቹ ለራሳቸው ሊወስዱት ፈልገው ነው አሉ። ወንድምየው ቦምብ መስሏቸው ነው አለ። የሁለቱም ግምት የመጣው ከአንድ ጉድለት ነው፤ "አይፈቀድም" ተባለ እንጂ "ለምን" አልተባለም።

የወንድምየው ግምት እንዲያው ከሜዳ የመጣ አልነበረም። ጥር 24 ቀን 2008 ዓ.ም. ከሞቃዲሾ ወደ ጅቡቲ የተነሳ የዳሎ አየር መንገድ አውሮፕላን ገና ከፍታውን ሳይጨርስ ላፕቶፕ ውስጥ የተደበቀ ፈንጂ ጎኑን ቀደደው። ፈንጂውን የያዘው ሰው በቀዳዳው ወጥቶ ወደቀ፤ አውሮፕላኑ ተመልሶ በሰላም አረፈ። ኃላፊነቱን አልሸባብ ወሰደ። በአየር ማረፊያው ውስጥ ላፕቶፑን ሲያቀብሉት የደህንነት ካሜራ ቀርጿል።

በዓመቱ፣ መጋቢት 12 ቀን 2009 ዓ.ም.፣ አሜሪካ ከስምንት አገሮች አሥር አየር ማረፊያዎች ወደ እሷ በሚበሩ አውሮፕላኖች ላይ ከስማርት ስልክ የሚበልጥ ማንኛውም የኤሌክትሮኒክስ ዕቃ ከተሳፋሪው ጋር እንዳይገባ አገደች። ላፕቶፕ፣ ታብሌት፣ ካሜራ ሁሉ ወደ ጭነት ክፍል ተባለ። እንግሊዝም በዚያው ዕለት የራሷን የስድስት አገሮች ዝርዝር አወጣች። ቦሌ በሁለቱም ዝርዝር ውስጥ አልነበረም። ዱባይ፣ አቡዳቢ፣ ዶሃ፣ ጅዳ፣ ካይሮና ኢስታንቡል ግን በአሜሪካ ዝርዝር ውስጥ ነበሩ፤ በእነሱ በኩል አሜሪካ የሚገባ ሐበሻ ላፕቶፑን ከሻንጣው ጋር አስረክቦ መብረር ነበረበት። ከምክንያቶቹ መካከል የዳሎው ፍንዳታ ተጠቅሷል።

እገዳው ግን አራት ወር እንኳ አልሞላውም። አየር ማረፊያዎቹ ፍተሻቸውን ሲያጠብቁ አንድ በአንድ ከዝርዝሩ ወጡ፤ ሐምሌ ላይ አለቀ። በነዚያ ወራት የአውሮፕላን አብራሪዎች ማኅበራት ያነሱት ሥጋት ነው እዚህ ላይ የሚፈለገው። ባትሪ ያለበትን ዕቃ ሁሉ ሰብስቦ ማንም በማያየው ክፍል ውስጥ መከመር ፈንጂን ሸሽቶ እሳት መጥራት ነው አሉ። ማስረጃም ነበራቸው። ነሐሴ 28 ቀን 2002 ዓ.ም. ከዱባይ የተነሳ የዩፒኤስ የጭነት አውሮፕላን በሺዎች የሚቆጠሩ የሊቲየም ባትሪዎች ጭኖ ነበር። ጭነቱ ተቃጠለ፤ ጭሱ አብራሪዎቹን ጋረዳቸው፤ ሁለቱም ሞቱ። የዓለም አቀፉ ሲቪል አቪዬሽን ድርጅትም ከመጋቢት 23 ቀን 2008 ዓ.ም. ጀምሮ የሊቲየም አዮን ባትሪ ለብቻው በካርጎ መልክ በመንገደኞች አውሮፕላን እንዳይጫን ከልክሏል።

ይህን ለቃሊቲው ጠጋኝ ማስረዳት ቀላል ነው፤ ከማንም በላይ የሚያውቀው እሱ ነው። ያበጠ ባትሪ በየሳምንቱ ይመጣለታል። አንዴ በመፍቻ የወጋው ሴል ጠረጴዛው ላይ ጨሶ፣ ፉጨት አሰምቶ፣ ከዚያ እንደ ችቦ ነዷል፤ የጣውላው ጥቁር ምልክት እስካሁን አለ። ውኃ ደፍቶበት ጠፋ ሲል ተመልሶ ጨሰ። የሊቲየም ባትሪ ጠባዩ ይህ ነው። አንድ ሴል ውስጡ ከተነካካ ሙቀቱ ራሱን እያባባሰ ይሄዳል፤ አጠገቡ ያለውን ሴል ያሞቃል፤ ያም ይነሳል። የአውሮፕላን ጭነት ክፍል የእሳት ማጥፊያ ጋዝ አለው። ጋዙ ነበልባሉን ያፍናል እንጂ ባትሪው ውስጥ የገባውን ሙቀት አያበርድም። ተሳፋሪው ያለበት ክፍል ውስጥ ከሆነ ግን ጭስ ሲጀምር ሰው ያያል፣ አስተናጋጆቹ ይደርሳሉ፣ ውኃ እያፈሰሱ ያቀዘቅዙታል። ሕጉ ፓወር ባንክ ከእጅ ቦርሳ ውጭ አይሄድም የሚለው ለዚህ ነው። ዘመዳቸው "ደብቂው" ያለችው ቦታ ከሁሉ የከፋው ቦታ ነበር።

ነገሩ የሩቅ አገር ወሬ እንዳይመስል የኢትዮጵያ አየር መንገድ ራሱ በ2005 ዓ.ም. የደረሰበትን ማስታወስ ይበቃል። ጥር ላይ የሁለት የጃፓን አየር መንገዶች 787 ድሪምላይነሮች ባትሪ ችግር ገጥሞት በዓለም ያሉት ሁሉ ከበረራ ታገዱ፤ የኢትዮጵያም ቆሙ። እገዳው ሲነሳ ሚያዝያ ላይ መጀመሪያ ወደ ሰማይ የተመለሰው የኢትዮጵያ ነበር። ሐምሌ 5 ቀን ደግሞ "ንግሥተ ሳባ" የተባለችው ድሪምላይነር ለንደን ሂትሮው ሰው ሳይኖርባት ለሰዓታት ቆማ ሳለ ጅራቷ አካባቢ ጣሪያዋ ተቃጠለ። የእንግሊዝ መርማሪዎች መነሻው አደጋ ሲደርስ የቦታ ምልክት የሚልክ መሣሪያ ባትሪ መሆኑን አረጋገጡ፤ ሽቦዎቹ ከክዳኑ ሥር ተቆንጥጠው ነበር። መሣሪያው ትንሽ ነው። ሰው አልተጎዳም። እሳቱ በበረራ ላይ ቢነሳ ኖሮ ምን ይሆን እንደነበር ማሰብ አይከብድም።

የሚፈቀደው መጠን የሚለካው በዋት አወር ነው። እስከ 100 ዋት አወር ያለ ልዩ ፈቃድ በእጅ ቦርሳ ይገባል፤ ከ100 እስከ 160 የአየር መንገዱ ፈቃድ ይጠይቃል፤ ከዚያ በላይ አይሞከርም። ፓወር ባንክ ላይ የሚጻፈው ግን አብዛኛውን ጊዜ ሚሊአምፔር ነው። 20,000 የሚለው 74 ዋት አወር ገደማ ይሆናል፣ ያልፋል። 27,000 ድንበሩ ላይ ነው። መርካቶ ላይ ገዢ ለማማለል "50,000" የተጻፈበትስ? ውስጡ ሲከፈት ሩቡን ያህል እንኳ ላይኖረው ይችላል፤ ፈታሹ ግን የሚያነበው ጽሑፉን ነው፤ በጽሑፉ ደግሞ 185 ዋት አወር ነው። የነጋዴው ውሸት ቦሌ ላይ ገዢውን ያስቀጣል። የቃሊቲው ልጅ ፓወር ባንክ ምንም ጽሑፍ ስላልነበረው በየትኛውም በኩል መግቢያ አልነበረውም።

ጥብቅነቱም እየጨመረ ነው። ጥር 20 ቀን 2017 ዓ.ም. ደቡብ ኮሪያ ውስጥ ሊነሳ የተዘጋጀ የኤር ቡሳን አውሮፕላን ከላይ ካለው የዕቃ መደርደሪያ በተነሳ እሳት ነደደ፤ መርማሪዎች ፓወር ባንክ ሳይሆን አይቀርም አሉ። ተሳፋሪዎቹ በሙሉ ወጥተው ተረፉ። ብዙ የኢትዮጵያ ልጆች የሚሳፈሩበት ኤምሬትስ ከመስከረም 21 ቀን 2018 ዓ.ም. ጀምሮ ለአንድ ሰው ከ100 ዋት አወር በታች የሆነ አንድ ፓወር ባንክ ብቻ ይፈቅዳል፤ እሱንም በበረራ ላይ መጠቀም ከልክሏል። መደርደሪያው ላይ ሳይሆን ከፊት ባለው ኪስ ወይም ከወንበር ሥር መቀመጥ አለበት።

ለሥራ ወደ ዓረብ አገር የሚሄዱ ሴቶች ከመነሳታቸው በፊት ሥልጠና ይወስዳሉ። የልብስ ማጠቢያ ማሽን፣ ምድጃ፣ የአገሩ ባህል ይነገራቸዋል። ስለ ሻንጣቸውም አምስት ደቂቃ ቢሰጥ ምን ይጎዳል? ያውም በአማርኛ፣ በኦሮምኛ፣ ልጅቷ በምትሰማው ቋንቋ፦ ስልክሽና ፓወር ባንክሽ በእጅ ቦርሳሽ ይግቡ፤ ጽሑፍ የሌለውን አትያዢ፤ ያበጠውን ተዪው፤ ሻንጣ ውስጥ የምትደብቂው ባትሪ ቢነሳ የሚደርስለት የለም። ፈታሹም ሰልፉ ቢረዝም "እሳት እንዳይነሳ ነው" ለማለት ሦስት ቃል ይበቃዋል። ይህን የሰማች ልጅ 74 ዋት አወር የተጻፈበትን ገዝታ በእጇ ይዛ ትገባለች፤ ዱባይ ስትደርስም ስልኳ አይሞትም።