ባሕሩ ሰዓት አለው

ዛንዚባር የሚሄድ ሰው ሁሉ ጥያቄው አንድ ነው፦ «ለስኖርክሊንግ የት ይሻላል?» መነጽርና መተንፈሻ ቱቦ አድርጎ፣ ፊትን ውሃ ውስጥ ነክሮ፣ ዓሣና ኮራል እያዩ መንሳፈፍ ነው ነገሩ። እኔም ይህንኑ ጥያቄ ይዤ ፓጄ ደረስኩ። ቤቱ ባሕር ዳር ነው ተብሎ፣ ጠዋት ስወጣ ባሕሩ የለም! ነጭ አሸዋ፣ እዚህም እዚያም የቀረ ኩሬ፣ የባሕር አረም የሚያለሙ ሴቶች። ውሃው ሩቅ ሄዶ፣ የኮራሉ ግድግዳ ጋ ነጭ የማዕበል መስመር ሆኖ ይታያል።

ለደጋ ልጅ ጉድ ነው። እኛ የምናውቀው ወንዝ ክረምት ይሞላል፣ በጋ ይጎድላል። ይሄኛው በቀን ሁለቴ ይሞላል፣ ሁለቴ ይጎድላል። ከአንዱ ሙላት እስከ ቀጣዩ 12 ሰዓት ከ25 ደቂቃ ገደማ ስለሆነ የዛሬው ሰዓት ለነገ አይሠራም፤ ወደ 50 ደቂቃ ይዘገያል። ጨረቃ ሙሉ ስትሆንና አዲስ ስትወለድ ልዩነቱ ይብሳል፤ 4 ሜትር ገደማ ይደርሳል። ያኔ ውሃው ስለሚጣደፍ አሸዋ ያነሳል፣ ይደፈርሳል። ግማሽ ጨረቃ ሲሆን ግን አብዛኛውን ጊዜ ይረጋል። ስለዚህ ከካርታው በፊት ጨረቃዋን ማየት ነው።

ከሳምንት በኋላ አንድ አዛውንት ጀልባ ነጂ «ሳ ታቱ እንነሳለን» ሲሉኝ ሳቄ መጣ። በስዋሂሊ ሳ ታቱ ማለት ሦስት ሰዓት ነው፤ ልክ እንደኛው፣ ከንጋት የሚቆጠር። አብረውን ያሉት ፈረንጆች ስድስት ሲደምሩ እኔ ምንም አልደመርኩም።

«ለምን ሦስት?» አልኳቸው።

«ያኔ ውሃው ገና እየሞላ ነው። ሲሞላ ወደ ዳር ይገፋሃል፤ ሲጎድል ይወስድሃል።»

የኮራሉ ግድግዳ ክፍተቶች አሉት፤ ውሃው ሲመለስ በእነሱ በኩል ተሰብስቦ ይወጣል፣ ዋናተኛውንም ይጎትታል። ዋና በትልቅነቴ ለተማርኩት ለእኔ ይህ ከዓሣው በላይ የሚያስፈልገኝ እውቀት ነበር።

ስሙ የገነነው ቦታ ከማቴምዌ ፊት ለፊት ያለው ምኔምባ ነው። ውሃው ጥርት ያለ፣ ዓሣው ብዙ። ረፋዱ ላይ ግን ጀልባው ይደራረባል፤ የደከመው ሰው ኮራሉ ላይ ይቆማል። ኮራል እኮ ድንጋይ ይመስላል እንጂ እንስሳ ነው፤ የተሰበረው መልሶ እስኪያድግ ዓመታት ይፈጃል። ከድንጋይ ከተማ በስተደቡብ ያለችው ቹምቤ ደሴት ግን እ.ኤ.አ. ከ1994 ጀምሮ ጥብቅ ናት። እዚያ ዓሣ ማጥመድ ክልክል ነው፣ የጎብኚውም ቁጥር የተወሰነ ነው። ኮራሉን እንዲጠብቁ ከሠለጠኑት መካከል የቀድሞ ዓሣ አጥማጆች አሉበት።

አሁን «የት ልሂድ?» ለሚለኝ ሰው መልሴ ጥያቄ ነው፦ መቼ ነው የምትሄደው? ጨረቃዋስ ምን ላይ ናት? ዋናስ ትችላለህ? የባሕሩ ሰው «ዛሬ አይሆንም» ካለህ ደግሞ አትከራከረው። የቀን ገቢውን ትቶ ነው እንዲህ የሚልህ።